የአልጎልን የምህዋር ጊዜ በዓይን ብቻ እንዴት መለካት ይቻላል?

ፐርሲየስ በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለው አልጎል ለዓይን አንድ ኮከብ ይመስላል። ውስጡ ግን ተጠጋግተው የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች አሉ። ደብዛዛው ደማቁን ሲጋርደው የድምቀት ቁጥሩ ከ2.1 ወደ 3.4 ይሄዳል፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል። ጆን ጉድሪክ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1783 የመደብዘዙን ዑደት ያስታወቀው በዓይኑ ብቻ ተከታትሎ ነው። ስለዚህ ቴሌስኮፕ የለኝም ብላችሁ አትተዉት።

መጀመሪያ ማነጻጸሪያ ኮከቦችን ምረጡ። አልማክ (2.1)፣ ኤፕሲሎን ፐርሲ (2.9) እና ካፓ ፐርሲ (3.8) ይበቃሉ። አጠገቡ ያለውን ሮ ፐርሲን ተዉት፤ እሱ ራሱ ድምቀቱ ይለዋወጣል።

ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ገምቱ። ድምቀቱ በአልማክና በኤፕሲሎን እኩል መሃል ከሆነ 2.5 ብላችሁ ከነሰዓቱ ጻፉ። የቀደመውን ቁጥር መልሳችሁ አትዩ፤ ቀጣዩን ግምት ይጎትተዋል። ግርዶሹ በጠቅላላው 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እናንተ ግን ከመሃሉ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ሰዓት ከያዛችሁ በቂ ነው።

አሁን ግራፍ ሥሩ። በጣም የደበዘዘበትን ነጥብ የግርዶሹ መሃል አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ ኩርባው እዚያ ጋ ለጥ ስለሚል ያሳስታል። ይልቅ ሲደበዝዝ 3.0 የደረሰበትንና ሲደምቅ 3.0 የደረሰበትን ሰዓት ያዙና መሃላቸውን ፈልጉ። ለ2.8 እና ለ3.2ም ድገሙት። የሦስቱ አማካይ የግርዶሹ መሃል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዙር መቁጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ተከታታይ ግርዶሾች ከያዛችሁ ልዩነታቸው 2.87 ቀን ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው 57.35 ቀን በኋላ ሌላ ያዛችሁ እንበል። ለ2.87 ስታካፍሉት 19.98 ይሰጣል። ዙሩ ሙሉ ቁጥር መሆን ስላለበት 20 ነው። 57.35 ለ20 ሲካፈል 2.8675 ቀን ይሆናል። የሰዓት ስህተታችሁም አብሮ ለ20 ተካፈለ ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ364.15ኛው ቀን፣ ሌላ ጨምሩ። 127 ዙር ሆኖ ውጤቱ 2.8673 ቀን፣ ማለትም 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይሆናል።

የ57.35 ቀኑን የመሃል ደረጃ ግን አትዝለሉ። የመጀመሪያው 2.87 በ0.01 ቀን ቢሳሳት፣ ከ127 ዙር በኋላ ስህተቱ 1.27 ቀን ይደርሳል። ይህ ግማሽ ዙር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ዙሩን በአንድ ካሳሳታችሁ ደግሞ ሌላው ስሌት ሁሉ ገደል ገባ።

ምድር ፀሐይን ስትዞር ወደ ኮከቡ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ፣ ብርሃኑ እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ዓመት ጠብቆ መለካት እዚህም ይጠቅማል፤ ምድር ወደ ነበረችበት ስለምትመለስ ልዩነቱ ይጣፋል።

ከአልጎል ወደ ሌሎች የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦች ስታልፉ፣ በተለይ እንደ ደብሊው ኡርሳ ሜጀሪስ ባሉት ላይ፣ ሁለቱ ኮከቦች ተራ በተራ ሲጋረዱ መደብዘዛቸው እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። እዚያ ያገኛችሁት ቁጥር የምህዋሩ ግማሽ እንዳይሆን፣ ተከታታይ ግርዶሾችን አንድ ግራፍ ላይ ደራርባችሁ ጥልቀታቸውን አወዳድሩ።