አንደኛ ክፍል ገብታችሁ መምህር ለማገዝ ላሰባችሁ

በትርፍ ሰዓታችሁ በበጎ ፈቃድ ልጆች ልታስነብቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፤ ከመምህሯም የትኞቹ ልጆች እንደከበዳቸው ጠይቁ። ከዚያ ከልጁ ጎን ዴስኩ ላይ ተቀመጡ፤ ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ልጅን ያስደነግጣል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ልጁ ቃል ላይ ሲቆም ቶሎ ብላችሁ አትንገሩት። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። «ቤት»ን «ቢት» ብሎ ካነበበ «ተሳስተሃል» አትበሉት፤ በእርሳስ ጫፍ የፊደሉን እግር አሳዩት። «ቢ» እግሩ ላይ ጭረት አለው፣ «ቤ» ግን ቀለበት። ልጁ ራሱ አይቶ ሲያርመው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ!

ሳድስ ላይ ግን ታገሱ። ል፣ ስ፣ ት፣ ን ወጥ ምልክት ስለሌላቸው አንድ በአንድ መለመድ አለባቸው።

ደግሞ 231ዱንም ፊደል በዜማ የሚወርደው ልጅ አያታልላችሁ። «ሶ»ን ለብቻው ስታሳዩት «ሰ፣ ሱ፣ ሲ...» እያለ በጣቱ ከቆጠረ፣ ገና ፊደሉን አልለየውም። ገበታውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንዳንድ ፊደል ብቻ እየገለጣችሁ አስነብቡት፤ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።