የላይብረሪዎ የፍተሻ ረዳቶች በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የማይሠሩት ለምንድን ነው?

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳውያን የሚቀይር «ዘመን» የሚባል የፓይተን ላይብረሪ ጽፈዋል እንበል። ለራስዎ ፍተሻ ሁለት ረዳቶች አሉዎት። አንዱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ እንደዋለ የሚመዘግብ ዓይነት የአስቸጋሪ ቀኖች ዝርዝር ነው። ሌላው ሁለት ቀኖችን አነጻጽሮ የት ላይ እንደተለያዩ የሚናገር ፋንክሽን ነው። የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው በእነዚህ የራሱን ኮድ መፈተሽ ይፈልጋል። ልንሰጠው ይገባል፤ በየአራት ዓመቱ ብቅ የምትለውን ስድስተኛዋን ቀን እያንዳንዱ ተጠቃሚ እየተሰናከለባት ሊማራት አይገባም። ችግሩ የሚመጣው አሰጣጡ ላይ ነው።

ምልክት፦ በእርስዎ ዘንድ ይሠራል፣ ተጠቃሚው ጋ «ቴስትስ የሚባል ሞጁል የለም» ይላል።

ፍተሻዎችን የሚያስኬደውን መሣሪያ፣ ፓይቴስትን፣ በፓይተን በኩል ከፕሮጀክቱ ፎልደር ሲያስነሱት ያ ፎልደር ራሱ ፓይተን ሞጁሎችን በሚፈልግበት መንገድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፍተሻዎቹና ረዳቶቹ ያሉበት «ቴስትስ» ፎልደር ይገኛል። ተጠቃሚው የጫነው ግን ዊል ፋይሉን (ላይብረሪው ለመጫን ታሽጎ የሚቀርብበትን) ነው፤ በዊሉ ውስጥ ፎልደሩ የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚመርጠው መፍትሔ ከበሽታው የባሰ ነው፦ የ«ቴስትስ» ፎልደሩን በዊሉ ውስጥ መጨመር። ያን ጊዜ ፎልደሩ የሁሉም ፓኬጆች መኖሪያ በሆነው የጋራ ቦታ ላይ «ቴስትስ» በሚል ጥቅል ስም ይቀመጣል። ተመሳሳይ ስሕተት የሠራ ሌላ ላይብረሪ ሲጫን የአንዱ ፋይል በሌላው ላይ ይጻፋል። ትክክለኛው መንገድ ረዳቶቹን ብቻ ወደ ላይብረሪው ውስጥ፣ «ዘመን» ሥር «ቴስቲንግ» ወደሚባል ሞጁል ማዛወር ነው። ፍተሻዎቹ ራሳቸው በነበሩበት ይቆዩ። ከዚያ ዊሉን ሠርተው በባዶ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው በተከለለ የፓይተን ቦታ) ይጫኑት፤ ከሌላ ፎልደር ሆነውም ሞጁሉን ይጥሩት (ኢምፖርት ያድርጉት)። ይህን ሳያደርጉ አይልቀቁ።

(«ጎ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስማቸው «ቴስት» በሚል ቅጥያ የሚያልቅ ፋይሎችም ለሌላ ፓኬጅ አይታዩም። ለዚህ ነው የ«ጎ» መደበኛ ላይብረሪ «ኤችቲቲፒቴስት»ን ራሱን የቻለ ፓኬጅ አድርጎ የሚያቀርበው።)

ምልክት፦ «ፊክስቸሩ አልተገኘም»።

ፊክስቸሩን (ፓይቴስት ለፍተሻዎች አዘጋጅቶ የሚያቀብለውን ነገር) ያስቀመጡት በኮንፍቴስት፣ ማለትም በፓይቴስት የጋራ ማዘጋጃ ፋይል፣ ውስጥ ነው። ኮንፍቴስት የሚያገለግለው ላለበት ፎልደርና ከሥሩ ላሉት ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ፕሮጀክት አይሻገርም። ፊክስቸሩን በፕለጊን (በፓይቴስት ላይ በሚቀጠል) ሞጁል ውስጥ ያድርጉት። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ። የላይብረሪው መግለጫ በሆነው በፓይፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ «ፓይቴስት11» በሚባለው የመግቢያ ነጥቦች ቡድን ካስመዘገቡት፣ ላይብረሪውን በጫነ ሰው ሁሉ ዘንድ ፓይቴስት ራሱ ይጭነዋል። አለበለዚያ ተጠቃሚው በዋናው ኮንፍቴስት ውስጥ የፕለጊኑን ስም በአንድ መስመር ይጽፋል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ያልጠየቀውንም ሰው ይነካል፤ «ዛሬ» ብለው የሰየሙት ፊክስቸር ሌላ ሰው ከሰየመው «ዛሬ» ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ ፕለጊኑ ላይብረሪዎን ገና በማለዳ ስለሚጠራው፣ የሽፋን መለኪያው (የትኞቹ የኮድ መስመሮች እንደተፈተሹ የሚቆጥረው መሣሪያ) ሥራ ሳይጀምር ያለፉት መስመሮች እንዳልተፈተሹ ይቆጠራሉ። ስሙን ግን በሁለቱም መንገድ «ዘመን_ዛሬ» ያድርጉት።

ምልክት፦ ፍተሻው ሲወድቅ ምክንያቱን አይናገርም።

እርስዎ ዘንድ «በግራ ጳጉሜን 6፣ በቀኝ መስከረም 1» እያለ ይዘረዝር የነበረው፣ ተጠቃሚው ጋ ባዶ የስሕተት ስም ብቻ ይሆናል። ፓይቴስት የ«አሰርት» መስመሮችን (አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡትን) አብራርቶ የሚጽፋቸው በፍተሻ ፋይሎች፣ በኮንፍቴስትና በፕለጊኖች ውስጥ ሲሆኑ ነው። ተራ ሞጁል ውስጥ ያለውን አይነካም። ሞጁሉ ከመጠራቱ በፊት ለዚህ ማስመዝገቢያ በተዘጋጀው የፓይቴስት ፋንክሽን ማስመዝገብ ይቻላል፤ «ቴስቲንግ»ን ፎልደር ካደረጉት ቦታው የራሱ ኢኒት ፋይል (ፎልደሩ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሠራው) ነው። ከዚህ ይልቅ የስሕተቱን መልእክት በራስዎ እጅ ቢጽፉት እመክራለሁ። ያኔ ረዳቱ ከፓይቴስት ነጻ ይሆናል፣ ከፓይተን ጋር በሚመጣው የፍተሻ መሣሪያ፣ በዩኒትቴስት፣ ለሚሠራም ያገለግላል።

ምልክት፦ ላይብረሪው በሰርቨር ላይ «ፓይቴስት የለም» ብሎ አልነሣም አለ።

የላይብረሪው ዋና ኢኒት ፋይል «ቴስቲንግ»ን ይጠራል ማለት ነው። መስመሩን ያጥፉት፤ ፓይቴስትንም እንደ አማራጭ ጥገኛ (የፈለገው ብቻ የሚጭነው ፓኬጅ) ያስመዝግቡት።

ምልክት፦ አዲስ እትም ሲወጣ የተጠቃሚዎች ፍተሻ ወደቀ።

ረዳቶቹን «የውስጥ ናቸው» ብለው ስለሚያስቡ ያለ ማስታወቂያ ቀይረዋቸዋል። ሰው ከተጠቀመባቸው ግን የውስጥ አይደሉም። የፓይተን የዳታ መተንተኛ ላይብረሪ የሆነው ፓንዳስ ይህን አይቶታል። «ዩቲል» ሥር የነበረውን «ቴስቲንግ» ሞጁል ብዙዎች ይጠቀሙበት ነበር። በ2020 በወጣው እትም 1.0 ሊቀር መሆኑን አስታወቀ፤ ያስወገደው በ2023 በወጣው 2.0 ነው። ለሕዝብ የቀሩት «ፓንዳስ ቴስቲንግ» ሥር ያሉ ጥቂት የማነጻጸሪያ ፋንክሽኖች ናቸው፤ የቤቱ ዕቃ ስሙ በታች ሰረዝ (_) ወደሚጀምር ሞጁል ገባ። እርስዎም ከመጀመሪያው እትም እንዲሁ ይለዩ፦ የቀኖቹን ዝርዝርና ማነጻጸሪያውን በመመሪያው ላይ ይግለጹ፣ የሌላውን ስም በታች ሰረዝ ይጀምሩት፣ የተገለጸውን ሲቀይሩም ቢያንስ አንድ እትም አስቀድመው ያስጠንቅቁ።