ከአፕዴት በኋላ ድምፅ ሲጠፋ፦ ስፒከሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ማታ ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። ከመተኛታችሁ በፊት አፕዴት አድርጎ እንዲዘጋ ነገራችሁት። ጠዋት ሁሉም ነገር በቦታው አለ፤ ድምፅ ብቻ የለም። ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ማሳረጊያው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ስፒከሩ ተቃጠለ መሰለኝ።»

አልተቃጠለም። ስፒከር አፕዴት ጠብቆ አይቃጠልም። በዚህ ሰበብ ከመጡልኝ ኮምፒውተሮች ውስጥ ስፒከሩ የምር ሞቶ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። እሱም ውሃ ተደፍቶበት ነበር፤ ባለቤቱ ይህን የነገረኝ ከከፈትኩት በኋላ ነው።

ድምፅ ከፍ ማድረግን፣ ሚዩት ማየትን፣ ኬብል መሰካትን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሪስታርት አድርጋችኋል? «አጥፍቼ አብርቻለሁ» አትበሉኝ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ «ሸት ዳውን» ስትሉ ሲስተሙ ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም። ድራይቨሮቹ (ዊንዶውስን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) ያሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ስታበሩት እንዳለ ይመለሳል። የተበላሸውም አብሮ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሳል። ከዚህ በታች ሪስታርት ካልኩ ሪስታርት ማለቴ ነው።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያወጣ ይመስለዋል፣ እናንተ ግን አትሰሙም

ታች ያለውን የስፒከር ምልክት ራይት ክሊክ አድርጉና «ሳውንድ ሴቲንግስ» ግቡ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ (ስሞቹ የዊንዶውስ 11 ናቸው)። «ፕሌይባክ» ላይ መውጫዎቹ በሙሉ ተደርድረዋል። አሁን አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። ከአንዱ መውጫ ጎን አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፁ ያለው እዚያ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ የሚጨፍረው በኤችዲኤምአይ የተሰካው ሞኒተር ጎን ነው። አፕዴቱ የግራፊክስ ድራይቨሩንም ቀይሮ ከሆነ የሞኒተሩ ድምፅ እንደ አዲስ ዕቃ ይመዘገብና ዋና መውጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሞኒተሩ ስፒከር ባይኖረውም ግድ የለውም። የራሳችሁን ስፒከር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሴት አዝ ዲፎልት ዲቫይስ» በሉ፤ አለቀ። ስፒከሩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ሾው ዲስኤብልድ ዲቫይስስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ደብዝዞ ብቅ ካለ «ኢኔብል» በሉት።

ለዚህች ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ሥራ የላፕቶፑን ሁለቱንም ስፒከር አስቀይሮ የመጣ ሰው አውቃለሁ። የቀየሩለትም ሰዎች ሞኒተሩን ነቅለው አልሞከሩም።

አንድ ፕሮግራም ብቻ ዝም ካለ ደግሞ «ቮልዩም ሚክሰር» ውስጥ ገብታችሁ እሱ ወዴት እንደተመራ እዩ። እዚያው ታች «ሪሴት» አለ።

ምልክት፦ የስፒከሩ ምልክት ላይ ኤክስ አለ

ይህ ሁለት መንገድ አለው። አጭሩ ሰርቪስ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ማለት ነው። መፈለጊያው ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱ። «ዊንዶውስ ኦዲዮ ኢንድፖይንት ቢልደር» እና «ዊንዶውስ ኦዲዮ» ሁለቱም «ራኒንግ» እና «አውቶማቲክ» መሆን አለባቸው። ቆመው ከሆነ ኢንድፖይንት ቢልደሩን አስቀድሙ፤ ሁለተኛው ያለ እሱ አይነሳም። ቆመው ካገኛችኋቸው ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ኮምፒውተር ማፍጠኛ» የሚባል ፕሮግራም ጭናችኋል? እነዚያ ፕሮግራሞች የማያውቁትን ሁሉ ያጠፋሉ፤ ከዚያ «ኮምፒውተርዎ ፈጥኗል» ይላሉ። አውጡት።

ሰርቪሶቹ ደህና ከሆኑ ረጅሙ መንገድ ድራይቨሩ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

በየጊዜው የማየው፦ አፕዴቱ ድራይቨሩን ቀይሮት ሄዷል

ላፕቶፕ ሲሠራ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ብሎ ያስተካከለው የድምፅ ድራይቨር አለ። አፕዴት ሲመጣ ዊንዶውስ አንዳንዴ ይህን ያነሳና ሌላ ያስቀምጣል። ያስቀመጠው አዲስ ቁጥር ያለው የሪልቴክ (የድምፅ ቺፕ አምራች ነው) ድራይቨር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለማንኛውም የድምፅ ካርድ ይሆናል የተባለው የዊንዶውስ የራሱ። «ለማንኛውም ይሆናል» የሚባል ልብስ ማንም ላይ ልክ እንደማይመጣ ታውቃላችሁ።

የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አብራችሁ ተጫኑ፣ «ዲቫይስ ማናጀር» ግቡ፣ «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ። ስሙን አንብቡ። የሚበዛው ሰው ቢጫ ምልክት ይፈልግና ሲያጣ «ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ቢጫ የለም ማለት ትክክለኛው ድራይቨር ነው ማለት አይደለም!

«ሪልቴክ» የሚል ስም ካለ ሁለቴ ክሊክ አድርጉና «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ቀኑን እዩ። አፕዴቱ ከገባ ወዲህ ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» ብቻ ካለ የዊንዶውሱ ነው። ይሄኛው ለብዙ ዴስክቶፕ ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ለስፒከሩ የተለየ የማጉያ ቺፕ አላቸው፤ የዊንዶውሱ ድራይቨር ያንን ማስነሳት አያውቅም። ስለዚህ ሄድፎን ስትሰኩ ይሰማል፣ ስትነቅሉ ዝም። ይህን ያየ ሁሉ «ስፒከሩ ነው» ይላል። አይደለም።

ጨርሶ ስም ከሌለስ? ከዚያው መስኮት «ሲስተም ዲቫይስስ» ውስጥ ውረዱ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፕ የድምፅ ቺፑ የተንጠለጠለው «ኢንቴል ስማርት ሳውንድ ቴክኖሎጂ» ወይም «ኤኤምዲ ኦዲዮ ኮፕሮሰሰር» በሚባለው ላይ ነው። እሱ ካልተነሳ ሪልቴኩ አይታይም። ሪልቴክ አሥር ጊዜ ብትጭኑ ዋጋ የለውም። ስትጭኑ መጀመሪያ የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፕ) ድራይቨር፣ ቀጥሎ ይሄኛውን፣ መጨረሻ ሪልቴኩን።

አሁን ወደ ጥገናው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፤ አትዝለሉ።

መጀመሪያ «ሮል ባክ ድራይቨር»። በ«ድራይቨር» ገጽ ላይ ነው። ምክንያት ይጠይቃችኋል፤ አንዱን ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ። ብዙው እዚህ ያልቃል። ቁልፉ ደብዝዞ አልነካ ካለ የድሮው አልተቀመጠም ማለት ነው።

ያኔ «አፕዴት ድራይቨር» በሉ። አውቶማቲክ የሚለውን አትንኩ፤ ያጠፋባችሁን ያንኑ አምጥቶ «ምርጡ ተጭኗል» ይላችኋል። «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ከዚያ «ሌት ሚ ፒክ» የሚለውን። ሁለት ሦስት ስም ይዘረዝራል። አሁን ያልሆነውን ምረጡ። ሪልቴክ ላይ ከሆናችሁ ሃይ ዴፊኒሽኑን ሞክሩ፣ እዚያ ከሆናችሁ ሪልቴኩን። «ሾው ኮምፓቲብል ሃርድዌር» ላይ ያለችውን ምልክት አታንሱ። ያነሳት ሰው የሌላ ካርድ ድራይቨር ጭኖ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ መጥቶልኛል።

ይህም ካልሆነ ከአምራቹ ገጽ ማውረድ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር። አንዴ የሞዴሉን ስም አይቼ ድራይቨሩን አወረድኩ፣ የድሮውን ከሥሩ ነቀልኩ፣ አዲሱን ጫንኩ፤ ዝም። አንድ ሰዓት ታገልኩ። ለካ ከሞዴሉ ስም መጨረሻ ያለችው አንዲት ፊደል ትለያለች፤ በእሷ ምክንያት ውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በስም አልፈልግም። ላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን መለያ ቁጥር አስገባለሁ። ቺፑንም አረጋግጣለሁ፦ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በ«ዲቴይልስ» ገጽ «ሃርድዌር አይዲስ» ምረጡ። ከ«ቬን» ቀጥሎ 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ ነው፤ 14ኤፍ1 ካለ ኮኔክሳንት የሚባለው ሌላው አምራች።

ፋይሉ እጃችሁ ከገባ በኋላ ብቻ፣ ደግሜ እላለሁ ከገባ በኋላ ብቻ፣ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። ድራይቨሩንም አብሮ እንዲያጠፋ የምትጠይቀዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክት ሳታደርጉ ካለፋችሁ ሪስታርት ሲያደርግ ያንኑ መጥፎውን መልሶ ይተክለዋል። ከዚያ የአምራቹን ጫኑና ሪስታርት።

ሥራው አላለቀም። በሳምንቱ «አላስተካከልክልኝም» ተብዬ ስልክ የተደወለልኝ ጊዜ ብዙ ነው። አስተካክዬ ነበር፤ አፕዴቱ ግን ያንኑ ድራይቨር እንደገና አመጣው። ስለዚህ ከጠገናችሁ በኋላ አፕዴትን ለጊዜው አቁሙ። ዊንዶውስ 11 እስከ 5 ሳምንት ያቆምላችኋል፤ እስከዚያ የተሻለ ድራይቨር ሊወጣ ይችላል። «ፕሮ» የሚባለው ዊንዶውስ ካላችሁ በ«ግሩፕ ፖሊሲ» ውስጥ ድራይቨር ከአፕዴት ጋር አብሮ እንዳይመጣ መከልከል ይቻላል። አፕዴትን ለዘላለም የሚያጠፋ ፕሮግራም ግን አትጫኑ። ለድምፅ ብላችሁ በሩን ለቫይረስ ትከፍታላችሁ።

ስለ ድራይቨር ፈላጊ ፕሮግራሞች የማስበውን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። «አንድ ክሊክ፣ ሁሉም ድራይቨር» የሚሉት ማለቴ ነው። አንዱ የድምፅ ችግር ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ድራይቨር «አሻሻለለት»። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁ አሁንም የለም፤ ዋይፋዩም ጠፍቷል፣ ታችፓዱም ቆሟል። አንድ ችግር ይዞ ሄዶ ሦስት ይዞ መጣ።

ሌላዋ ደግሞ ከጃክ የሚሰካ ስፒከር ገዛች፤ ድምፅ አልሰጥ አለ። የዩኤስቢ ገዛች፤ ሠራ። «የላፕቶፑ ተበላሽቷል» ብላ ተቀመጠች። የዩኤስቢው የሠራው የራሱን ሳውንድ ካርድ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እንዲያውም ጥሩ መፈተሻ ነው፦ የዩኤስቢ ሄድፎን ከሠራ የዊንዶውስ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የውስጡ ካርድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ። መግዛት አያስፈልግም፣ ለአምስት ደቂቃ ተዋሱ።

ትልቁ አፕዴት ከሆነ የገባው

አዲስ የዊንዶውስ ዕትም ከሆነና ምንም አልሆን ካለ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ «ሪከቨሪ»፣ ከዚያ «ጎ ባክ»። ጊዜው 10 ቀን ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ የድሮውን ዊንዶውስ ፎልደር ካጠፋችሁ 10 ቀኑም የለም። ወርሃዊው አፕዴት ከሆነ «አፕዴት ሂስትሪ» ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» አለ። ፎርማት የማድረግ ሐሳብ ከመጣባችሁ ተዉት፤ ፎርማት አድርጋችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ ድራይቨር ያወርድላችኋል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ድምፅ ይቆራረጣል ወይም አረንጓዴው በትክክለኛው መውጫ ይጨፍራል ግን ዝም፦ የዚያን መውጫ «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» (ድምፅ ማሳመሪያውን) አጥፉ።

ብሉቱዝ ሄድፎን ተገናኝቷል ይላል፣ ድምፅ የለም፦ ከዝርዝሩ አውጥታችሁ እንደ አዲስ አገናኙ።

የዩኤስቢ ዳክ (በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ሳውንድ ካርድ) ላይ «ኮድ 10»፣ ማለትም ዕቃው መነሳት አልቻለም፦ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት ዩኤስቢ 1.0 የድምፅ ድራይቨር በሚጠቀሙ ዳኮች ላይ ይህን አምጥቶ ነበር። በኋላ የወጡት አፕዴቶች አስተካክለውታል፤ አስገቧቸው።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፕዴት ያላገኘ ዊንዶውስ 10፦ በዚያ ዓመት ኦክቶበር አካባቢ ቁጥሩ 9.21.00.3755 የሆነ የኢንቴል ድምፅ ድራይቨር በስህተት ለብዙ ኮምፒውተር ተልኮ ነበር። ካገኛችሁት አውጡት።

ማክ፦ «አክቲቪቲ ሞኒተር» ውስጥ «ኮር ኦዲዮ ዲ» የሚለውን ፈልጋችሁ ዝጉት፤ ራሱ ይነሳል።

ሊነክስ፦ ተርሚናል ላይ «አልሳ ሚክሰር» ክፈቱ። ከመስመሩ ሥር ሁለት የኤም ፊደል ካያችሁ ሚዩት ነው፤ የኤም ቁልፍን ተጫኑ። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ የ«ሶፍ» ፈርምዌር (የድምፅ ቺፑ የሚነሳበት ፋይል) ጎድሎ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም ሞክራችሁ ዝም ካለ፣ ብዙ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈት የራሳቸው መፈተሻ አላቸው። እዚያ ውስጥ የድምፅ ፈተናውን አስነሱ። ከሰማችሁ ወደ ድራይቨሩ ተመለሱ፤ የሆነ ቦታ ዘላችኋል። ካልሰማችሁ ያኔ ብሎኑን ፍቱ።