የላስ ቬጋስን ሾውገርሎች ፎቶግራፍ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሾውገርል ማለት በላባና በፈርጥ ያጌጠ ከባድ ልብስ ለብሳ በመድረክ ትርኢት ላይ የምትቀርብ ሴት ናት፤ ላስ ቬጋስን ላስ ቬጋስ ያሰኟት ታላላቅ የሾውገርል ትርኢቶች ግን አንድ በአንድ ተዘግተዋል። በስታርደስት ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው «ሊዶ ደ ፓሪ» በ1991፣ በትሮፒካና ሆቴል በ1959 የተከፈተው «ፎሊ ቤርዤር» በ2009፣ ከ1981 ጀምሮ ሲታይ የቆየው «ጁቢሊ» ደግሞ በ2016 መጋረጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ ወርዷል፤ የትሮፒካና ሕንፃም በ2024 በፈንጂ እንዲፈርስ ተደርጓል። በእነዚያ መድረኮች ላይ የሠሩት ሴቶች ግን ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ሙያውን ለወጣቶች የሚያስተምሩም፣ በልዩ ዝግጅቶች ላይ ላባቸውን አጥልቀው የሚቀርቡም አሉ። በዚህች ከተማ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን በሆቴሎቹ ሠርተናል ወይም ተመልካቾቻቸውን በታክሲ አመላልሰናል፤ ካሜራ ይዘው ወደዚህ ባህል የሚቀርቡ ልጆችም ከመካከላችን እየወጡ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በተለይ ለእነርሱ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ሾውገርልን ላባ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። አንዳንዱ የራስ ጌጥ ከጀርባ ከሚታሰረው ላባ ጋር ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ያንን ተሸክማ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ እግሯን አንድ ጊዜም ሳትመለከት ቁልቁል ደረጃ የምትወርድ ሴት በዓመታት ልምምድ የተገኘ ከባድ ሙያ እያሳየች ነው። አንገቷን ትንሽ ብታዘነብል ሸክሙ ሚዛኗን ያስታል፤ ስለዚህ የደረጃውን ጠርዝ የምትለየው በእግሯ ነው። ከፊት ቆሞ ፈገግታዋንና ላባዋን ብቻ የሚያነሳ ባለሙያ ግን ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። ከጎን ዞር ብሎ ተረከዙ ደረጃውን ሲነካ፣ የአንገቱ ጅማት ሲወጠር፣ የላባውን ሽቦ የያዘው ማሰሪያ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ ትርኢቱ ካበቃም በኋላ ማሰሪያው ቆዳ ላይ የተወውን ቀይ መስመር ማንሳት ይገባል። አልባሿና ልብስ ሰፊዋም የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። የወደቀ ፈርጥ መልሶ የሚሰፋ እጅ በመድረኩ ላይ ካለው ትዕይንት ያላነሰ ፎቶግራፍ ነው።

ስያሜን ማደበላለቅም ተደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው። በታላላቅ ትርኢቶች ውስጥ ሾውገርልና ተወዛዋዥ አንድ አልነበሩም፤ ሾውገርሏ በቁመቷ፣ በአረማመዷና በምትሸከመው ልብስ ስትታወቅ፣ ተወዛዋዧ ደግሞ ፈጣኑንና አድካሚውን ውዝዋዜ ትሠራ ነበር። በርሌስክ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀርባ፣ ብዙ ጊዜ በቀልድ እያዋዛች፣ ልብሷን ቀስ በቀስ የምታወልቅበት ጥበብ ሲሆን የራሱ ታሪክና በዚያው ከተማ የራሱ ሙዚየም አለው። በጎዳና ላይ ላባ አጥልቀው ከጎብኚዎች ጋር በክፍያ ፎቶግራፍ የሚነሡት ሴቶችም ሠራተኞች ናቸውና ሒሳባቸውን መክፈል ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከፎቶግራፉ ሥር የታላላቅ ትርኢቶች አባላት እንደሆኑ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል።

ወደ ካሜራው ስንመጣ ስህተቱ የሚጀምረው ከብርሃን ነው። ከጀርባው የጨለመ መድረክና በስፖትላይት የተመታች አንዲት ሴት በአንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራው የሚበዛውን ጨለማ ለመግለጥ ብርሃኑን ይጨምራል፤ በዚህም ፊቷ ይነጣል፣ ነጩ የሰጎን ላባም ዝርዝሩ ጠፍቶ የጥጥ ክምር ይመስላል። የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ፊቷ ላይ ብቻ አድርጎ ወይም ከካሜራው ግምት አንድ ስቶፕ ያህል (ማለትም ብርሃኑን በግማሽ) ቀንሶ ማንሳት፣ ፋይሉንም በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) መያዝ ይጠቅማል። የኤልኢዲ መብራት ባለበት መድረክ ድምፅ አልባው የካሜራ መዝጊያ (ሻተር) ፎቶግራፉ ላይ አግድም መስመሮች ሊያሰምር ስለሚችል ከትርኢቱ በፊት በልምምድ ሰዓት መፈተን ይሻላል። ፍላሽን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እግሯን ሳታይ ደረጃ በምትወርድ ሴት ዓይን ላይ ፍላሽ ማብራት አደጋ መጋበዝ ነው።

የራስ ጌጡን መቁረጥም ይቅር የማይባል ነው። በአገራችን ጎፈር ያጠለቀን አርበኛ ጎፈሩን ግማሽ ላይ ቆርጦ የሚያነሳ ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ የሾውገርልም ቁመት የሚለካው ከጫማዋ እስከ ላባዋ ጫፍ ነው። በጣም ቀርቦ በሰፊ ሌንስ ማንሳት ደግሞ ጭንቅላቷን አግዝፎ እግሯን ያሳጥራል፤ ራቅ ብሎ ከ85 ሚሊሜትር ባላነሰ ሌንስ ማንሳት ልብሱን የነደፈው ሰው ያሰበውን ቅርፅ ይጠብቃል።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን አረጋውያኑን በሐዘን ብቻ የመሳል ልማድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ አንዲት የቀድሞ ሾውገርልን በቤታቸው ላነሳ ሄጄ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ያረጀ የላባ ማራገቢያ አስይዤ፣ ወደ ውጭ እንዲመለከቱ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ማራገቢያውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተነሡ፤ አንድ እጃቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉ፣ ክብደታቸውን በኋለኛው እግር ላይ ጣሉ፣ የፊተኛውን ጉልበት ቀስ ብለው በሌላኛው ላይ አሻገሩና አገጫቸውን ቀና አደረጉ። እግራቸው ላይ የነበረው የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ አቋማቸው ግን በመድረክ ላይ ሳሉ የነበረው ነው። ያን ቀን ካነሳኋቸው ሁሉ የሚረባው ፎቶግራፍ ያ ብቻ ሆነ፤ እኔ ያዘጋጀሁት ትዝታ ሳይሆን እሳቸው እስከ ዛሬ በሰውነታቸው የያዙት ሙያ ስለሆነ። ስለዚህ የድሮ ልብስ አልብሶ የድሮን ዘመን ከማስመሰል ይልቅ እንዴት ይቆሙ እንደነበረ ጠይቆ መጠበቅ ይሻላል። የፊታቸውን መስመሮች በኮምፒውተር ማለስለስም የኖሩበትን ዘመን እንደመፋቅ ነው፤ ምናልባት ራሳቸው ከጠየቁ ያን ጊዜ በልክ ይደረግ።

ታሪኩን የነጮች ብቻ አድርጎ ማቅረብም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1955 በላስ ቬጋስ ምዕራባዊ ክፍል የተከፈተው ሙላን ሩዥ ጥቁርና ነጭ እንግዶችን ያለ ልዩነት በመቀበል በከተማዋ የመጀመሪያው የሆቴል ካዚኖ ነበር፤ ስድስት ወር ያህል ብቻ ሠርቶ ቢዘጋም ጥቁር ሴቶች ተወዛዋዦቹ በዚያው ዓመት የአሜሪካው ላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥተዋል። ስለ ባህሉ የፎቶግራፍ ተከታታይ የሚያዘጋጅ ሰው እነርሱን ሳይፈልግ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይችልም። የቆዳ ቀለማቸው የተለያየ ሴቶች በአንድ መስመር ሲቆሙም ብርሃኑን ለነጣው ፊት ብቻ መለካት የጠቆረውን ፊት ጥላ ውስጥ መተው ነውና፣ ሁለቱንም የሚያሳይ ልኬት እስኪገኝ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር መባል አለበት። በብዙዎቹ ትርኢቶች አንዳንድ ሴቶች ከወገብ በላይ ያለ ልብስ ይቀርቡ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሳት በተከለከለበት አዳራሽ ውስጥ በገዛ ዘመኗ ለታዳሚ መታየትን የተቀበለች ሴት፣ ምስሏ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ለልጅ ልጆቿ እንዲታይ ተስማምታለች ማለት አይደለም። የትኛው ፎቶግራፍ የት እንደሚወጣ አስቀድሞ አሳይቶ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ምስሉን ያለ መረጃ ማስቀመጥ ነው። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡት የልብስ ንድፎችና የትርኢት ፎቶግራፎች ዛሬ የሚጠቅሙን የትርኢቱ ስም፣ ዓመቱና የንድፍ ባለቤቱ አብረው ስለተመዘገቡ ነው። ማን እንደሆነች፣ የትኛውን ትርኢት በየትኛው ዓመት እንደሠራች፣ ሾውገርል ወይም ተወዛዋዥ እንደነበረች በዕለቱ መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሴቶች ደግሞ የቆዩ ፎቶግራፎችን በካርቶን አኑረዋል፤ እነርሱን ገልብጦ ማንሳት ሲፈቀድ በመስኮት ብርሃን ሥር አዘንብሎ ማንሳት ወረቀቱን ያንጸባርቀዋል፣ ቅርፁንም ያጣምመዋል። ሁለት መብራቶችን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አስቀምጦ፣ ካሜራውን በቀጥታ ከላይ አድርጎ ማንሳት ነው የሚገባው፤ ከዚያም ፎቶግራፉን ገልብጦ ጀርባውንም ማንሳት፣ ምክንያቱም በመስመሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ስም ብዙ ጊዜ እዚያ በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል።