ለመጀመሪያ ጊዜ ለአእምሮ ጤና ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ሰው ማየት ካስጠላችሁ ሰነባበተ? የግድ በቀጥታ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ የለባችሁም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ለአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉላችኋል። የጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን ያዙ፣ ሪፈሩንም አትዝለሉ፤ ያለሱ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ካርድ ክፍል ሰው ተሰልፎ እየሰማ ሁሉንም መዘርዘር የለባችሁም። «ባለሙያውን ማነጋገር ፈልጌ ነው» በቂ ነው። ውስጥ ስትገቡ ግን አትደብቁ፤ መጠጡንም፣ ጫቱንም ንገሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐበሻ መድኃኒትም ቢሆን፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ክኒኑ ላይ ነው። እህቴ በአሥረኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ብላ ትራስ ሥር ደብቃው አገኘሁት። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል የነገራት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስለዚህ ጠይቁ። መቼ ይሠራል? አፍ ቢያደርቅ፣ ቢያስተኛኝ ምን ላድርግ? ሻል ሲላችሁም በራሳችሁ አታቁሙት።

ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ክኒኑን ግን አታቋርጡ።

ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። የምታምኑትን ሰው አስከትላችሁ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።