ሲጋራንና የሚታኘክ ትምባሆን ከረጅም ዓመታት በኋላ አብሮ ማቆም

ሲጋራ ማጨስና ትምባሆ ማኘክ ለዓመታት አብረው የቆዩበት ሰው ለማቆም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ሲጋራውን ነው። ጭሱ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ያስላል፣ ቤተሰብንም ያስቆጣል፤ ትምባሆው ግን በጉንጭ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቆይ ማንንም የማይጎዳ ይመስላል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ቀድሞ በቀን ሦስት ጊዜ ይያዝ የነበረው ቁንጣሪ ስድስትና ሰባት ጊዜ መያዝ ይጀምራል፤ ሰውየው ሲጋራ ማቆሙን ለወዳጅ ዘመድ እየተናገረ፣ በደሙ ውስጥ የሚዘዋወረው ኒኮቲን ግን ከቀድሞው እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ሁለቱን ልማዶች እንደ አንድ ሱስ ቆጥሮ በአንድ ዝግጅትና በአንድ ቀን መተው የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክርም የተዘጋጀው በዚሁ እምነት ነው።

ሁለቱን የሚለያያቸው ኒኮቲኑ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ ነው። ጭስ ወደ ሳንባ ሲሳብ ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 ባሉት ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ሲጋራን ከእያንዳንዱ የቀኑ እንቅስቃሴ ጋር አጥብቆ የሚያስተሳስረውም ይህ ፍጥነት ነው። የሚታኘከው ትምባሆ በአንጻሩ በአፍ የውስጥ ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ዘግይቶ ይወጣል፣ ከወጣም በኋላ ቶሎ አይወርድም። በትምባሆው ላይ ኖራ ወይም አመድ የሚጨመረውም የአፍን አሲድነት ቀንሶ ኒኮቲኑ በቀላሉ እንዲሰርግ ስለሚያደርግ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል በጉንጭ የተያዘ አንድ ቁንጣሪ፣ እንደ ትምባሆው ዓይነት፣ ከሁለትና ከሦስት ሲጋራ የሚገኘውን ያህል ኒኮቲን ሊያስገባ ይችላል። ጭስ የሌለው መሆኑ ደግሞ ከካንሰር አያድንም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን የአፍ፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በማስታወሻ ደብተር ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ለመቀነስ ሳይሞክሩ፣ ባጨሱና ትምባሆ በያዙ ቁጥር መቼ፣ የትና ምን እያደረጉ እንደነበር በአንድ መስመር ይጻፉ። አንድ ገጽ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ከእንቅልፍ እንደተነሣሁ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፤ ሲጋራ። ከቁርስ በኋላ ቡና ስጠጣ፤ ሲጋራ። ስብሰባ ላይ፣ መውጣት ስላልቻልኩ፤ ትምባሆ። ስልክ ስጠብቅ፣ መቼ አፌ ውስጥ እንዳስገባሁት አላስታውስም፤ ትምባሆ።» ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ የመጀመሪያው የሱሱን ጥንካሬ ያመለክታል፤ ከእንቅልፍ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ወይም ትምባሆ የሚይዝ ሰው ጥገኝነቱ የከፋ ስለሆነ ያለ መድኃኒት እርዳታ ለመተው ቢነሣ ይበልጥ ይቸገራል። ሦስተኛው መስመር ትምባሆው ማጨስ በማይቻልበት ሰዓትና ቦታ ሲጋራውን እየተካ መሆኑን ያሳያል። ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ግን አራተኛው ነው፤ ያለ አንዳች አምሮት በእጅ ልማድ ብቻ የሚደረገው በውሳኔ ብርታት የሚቆም ስላልሆነ፣ ትምባሆውን ከኪስና ከጠረጴዛ መሳቢያ ማራቅ ያስፈልጋል።

ደብተሩ ከሞላ በኋላ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሚውል አንድ ቀን ይቁረጡ። ቀኑን ከዚህ የበለጠ ማራቅ ውሳኔውን ያቀዘቅዛል፤ «ነገ» ማለት ደግሞ ለዝግጅት ጊዜ አይሰጥም። ሐዘን፣ ፈተና ወይም ከባድ የሥራ ጫና ያለበትን ሳምንት መሸሽ ተገቢ ቢሆንም፣ ፍጹም የተረጋጋ ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ ልቀንስ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ መቀነሱ ወደ ተቆረጠው ቀን የሚያደርስ መንገድ ከሆነ አይከፋም፣ ራሱን የቻለ ግብ ሲሆን ግን ያታልላል። የሲጋራው ቁጥር ሲያንስ ሰው ሳያውቀው ጭሱን በጥልቀት መሳብና እስከ ጫፉ ማጨስ ይጀምራል። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን 20 ከሚያጨሰው ጋር ሲነጻጸር፣ በማጨስ ምክንያት በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ ሥጋቱ ግማሽ ያህል እንደሆነ በጥናት ተረጋግጧል፤ ቁጥሩ በ20 እጥፍ ሲቀንስ አደጋው በዚያው ልክ አይወርድም ማለት ነው። የሚታኘከውን ለመቀነስ የሚሻ ሰው ቁንጣሪውን ከማሳነስ ይልቅ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ቢያራዝም ይሻለዋል፤ የቁንጣሪን መጠን በትክክል መለካት አስቸጋሪ ነውና።

መድኃኒትን በተመለከተ «እኔ በራሴ ወኔ አቆማለሁ» የሚል ኩራት ብዙ ሰው ሲጎዳ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የትምባሆ ማቆሚያ ሕክምና መመሪያ የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን፣ እንዲሁም ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉትን ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶች ይመክራል። የኒኮቲን ምትክ ማለት ኒኮቲንን ከጭሱና ከትምባሆው መርዝ ለይቶ በተመጠነ መልክ መስጠት ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ኒኮቲኑን ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይለቃል፤ በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው በተለምዶ በ21 ሚሊ ግራሙ ጀምሮ ለስድስት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ወደ 14 ከዚያም ወደ 7 ሚሊ ግራም ለሁለት ለሁለት ሳምንት ይወርዳል። የሚለጠፍበትን ቦታ በየቀኑ መቀያየር የቆዳ መቆጣትን ይቀንሳል፤ ሌሊት በሚያስቸግር ሕልም የሚረበሽ ሰው ሲተኛ ሊያነሣው ይችላል። ፕላስተሩን ድንገተኛ አምሮት ሲመጣ ከሚወሰድ የኒኮቲን ማስቲካ ጋር አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የበለጠ ውጤት ይሰጣል። የሚያኝክም የሚያጨስም ሰው በቀን የሚያገኘውን ኒኮቲን በሲጋራ ቁጥር ብቻ መገመት ስለማይቻል፣ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ቢያማክር መነሻ መጠኑ በትክክል ይወሰንለታል።

ማስቲካው ከእንቅልፍ በነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚጀምሩ ሰዎች 4 ሚሊ ግራም፣ ለሌሎች 2 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ ይወሰዳል፤ በቀን ከ24 መብለጥ የለበትም። አወሳሰዱ ግን ከተራ ማስቲካ ይለያል። ቅመም የመሰለ ጣዕም ወይም መጠነኛ መለብለብ እስኪሰማ ድረስ በዝግታ ይታኘካል፤ ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፤ ጣዕሙ ሲደበዝዝ እንደገና ጥቂት ይታኘክና ወደ ሌላ ጎን ይዛወራል፤ እንዲህ እየተባለ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ትምባሆ ሲያኝክ የኖረ ሰው ጉንጭ ውስጥ መያዙን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ የሚሳሳተው ምራቁ ላይ ነው። እንደ ቀድሞው እየተፋ ከሆነ መድኃኒቱን አብሮ ይተፋዋል፤ በፍጥነት እያኘከ የሚውጥ ከሆነ ደግሞ ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ወርዶ ስቅታ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቡና፣ የፍራፍሬ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ የአፍን አሲድነት ስለሚጨምሩ መድኃኒቱ እንዳይሰርግ ያደርጋሉ፤ ስለሆነም ማስቲካውን ከመውሰድ 15 ደቂቃ በፊትና በሚታኘክበት ጊዜ ከውኃ በስተቀር ምንም አለመጠጣት ይገባል። «ማስቲካው ምንም አልሠራልኝም» ከሚሉት መካከል ቀላል የማይባሉት ከቡና ጋር ሲወስዱት የኖሩ ናቸው።

ቫሬኒክሊን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንክብል ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ አምሮቱን ያበርዳል፤ ሲጋራ ቢጨስም እርካታው እንዲቀንስ ያደርጋል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜም ለ12 ሳምንታት ይወሰዳል። ለሚታኘክ ትምባሆም እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ማቅለሽለሹ እንዲቀንስ ከምግብ በኋላ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጋር መውሰድ ይመከራል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ በቅርቡ የልብ ሕመም የገጠመው ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ማናቸውንም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ሊያነጋግር ይገባዋል።

የማቆሚያው ቀን ዋዜማ ላይ ቤቱን ይፈትሹ። ፓኬቱን፣ ላይተሩንና መተርኮሻውን ብቻ ሳይሆን የትምባሆውን ቆርቆሮና መትፊያውን ጭምር ያስወግዱ፤ የኮት ኪስንና የመኪና መሳቢያን አይርሱ። «ለክፉ ቀን» ተብላ የምትቀመጥ አንዲት ሲጋራ ክፉውን ቀን ራሷ ትጠራዋለች።

ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የኒኮቲን እጦት ምልክቶች በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ባሉት ሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ ይበርዳሉ። ንዴት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ የምግብ ፍላጎት መጨመርና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ በሦስተኛው ቀን የሚሰነዘረውን ቁጣ እንደ ጠብ አይቆጥረውም። አምሮቱ ግን ያለማቋረጥ የሚቆይ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ ይበርዳል። በእነዚያ ደቂቃዎች ከአምሮቱ ጋር ከመከራከር ይልቅ ቦታ መቀየር፣ ቀዝቃዛ ውኃ በዝግታ መጠጣት ወይም ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠቅማል።

የሚያኝክ ሰው አጫሹ የማያውቀው ተጨማሪ ችግር አለበት፤ አፉ ባዶ ይሆንበታል። ምላስ ትምባሆው ይቀመጥበት ወደነበረው የድድ ጥግ ደጋግሞ ይሄዳል፣ ጉንጭ ይጎድለዋል፣ ምራቅም ቀድሞ በለመደው ሰዓት ይመጣል። ስኳር አልባ ማስቲካ፣ በጣት መጠን የተቆረጠ ካሮት ወይም በሚያስቸግሩት ሰዓታት ጥርስን መቦረሽ ይህን ባዶነት ይሸፍናሉ። ያ ጎን ቀድሞውኑ የቆሰለ ሊሆን ስለሚችል የኒኮቲን ማስቲካው በሌላው ጎን ቢያዝ ይመረጣል።

ስለ ቡና አብዛኛው ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋሉ፤ ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ይቀንስና በተለመደው የቡና መጠን በደም ውስጥ ያለው ካፌይን ወደ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ሲመጡ ሰው ሁሉንም በኒኮቲን እጦት ላይ ያላክካል፤ ቡናውን በግማሽ ቢቀንስ ግን ብዙው ይቀልለታል። በዚሁ ምክንያት ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቴኦፊሊንም በደም ውስጥ ያላቸው መጠን ሊጨምር ስለሚችል፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው የማቆሚያውን ቀን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት። ይህ ለውጥ የሚመጣው ከጭሱ መቅረት እንጂ ከኒኮቲኑ ስላልሆነ ፕላስተር መለጠፍ አያስቀረውም።

አልኮል ለብቻው መጠቀስ አለበት። ከሁለት ብርጭቆ በኋላ ውሳኔ ይላላል፤ አጠገብ የሚያጨስ ጓደኛ ካለ ደግሞ ሲጋራው ሳይጠየቅ ይዘረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠጥን ጨርሶ መተው ከሁሉ የሚቀል መፍትሔ ነው። ክብደትን በተመለከተ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ፈርቶ ወደ ማጨስ መመለስም ሆነ በዚያው ሳምንት ጥብቅ የምግብ ቅነሳ መጀመር አይመከርም።

አንድ ቀን እጅ ስቶ አንዲት ሲጋራ ቢጨስ ወይም አንድ ቁንጣሪ ቢያዝ፣ አደጋው ያለው «እንግዲህ ፈረሰ» ብሎ ቀሪውን ፓኬት በመጨረስ ላይ ነው። የቀረውን ወዲያውኑ ይጣሉ፤ ፕላስተሩን አያንሡ፤ ደብተሩን አውጥተው ሰዓቱን፣ ቦታውንና አብሮ የነበረውን ሰው ይጻፉ። ሁለቱን አብሮ ላቆመ ሰው የተለመደው መሰናከያ «ሲጋራ አልነካሁም፣ ትምባሆ ብቻ ነው» የሚለው ማመካኛ ስለሆነ፣ የትኛውም ቢሆን በደብተሩ ላይ በእኩል ይመዝገብ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰ ሰውም አዲስ ቀን ይቁረጥ፤ ባለፈው ሙከራ መድኃኒቱ አንሶ ወይም ቶሎ ተቋርጦ እንደሆነም ከሐኪም ጋር ይመርምር። ከመቆሙ በፊት በርካታ ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው።

በመጨረሻም አፍዎን ያስመርምሩ። ትምባሆው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ የሚታየው ነጭና የተሸበሸበ ቆዳ ከቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ብዙውን ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ በጉንጭ ወይም በአንገት ላይ የሚዳሰስ እብጠት ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ለጥርስ ሐኪም ይታይ። ሲመረመሩ ትምባሆውን በየትኛው ጎን ለስንት ዓመት ይይዙ እንደነበር ይንገሩት፤ ካልተነገረው ያንን ቦታ ለይቶ ላያየው ይችላል።