ቢላዋ መቀጥቀጥ ለጀመሩ፦ ብረቱ እንቢ ሲል ምክንያቱና መፍትሔው

ጀማሪ ሰው የቀጠቀጠው ቢላዋ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክንዱን ነው። እኔ በራሴም በሌሎችም ሥራ ላይ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ግን እሳቱ ውስጥ፣ መዶሻው ብረቱ ላይ ከማረፉ በፊት የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የብረቱን የግለት ቀለም ወደ ማየት ይመለሳል።

ከሰሉ ቶሎ ያልቃል፣ ብረቱ ግን ከደብዛዛ ቀይ አያልፍም

ምክንያቱ የአየር ማነስ ነው። የምንሠራባት ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት፣ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት ኮምቦልቻ ላይ በቂ የነበረ ወናፍ ደሴ ላይ ሊያንስ ይችላል፤ መፍትሔውም የአየር ቧንቧውን ማስፋት ወይም ወናፉን ማፍጠን ነው። ከሰሉም በሎሚ መጠን ተሰባብሮ ከአየር መግቢያው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል መከመር አለበት። ቢላዋውን በቀጥታ የአየር መግቢያው አፍ ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ይቃጠላል፣ በመዶሻ ሲመታም ቅርፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። ትክክለኛው ቦታ የፍሙ መካከል ነው።

የደሴ ብርድ በር ያስዘጋል፤ ሆኖም የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይሠራም።

ከእሳቱ ነጭ ጭስ ይወጣል

ብረቱ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተናል፣ ትነቱን የሳበ ሰውም ማታውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ይሠቃያል። የዚህ መፍትሔ ወዲያው ከጭሱ መራቅና ለወደፊቱ የውኃ ቧንቧን ወይም የቆርቆሮ ቁራጭን እሳት ውስጥ አለመክተት ነው።

ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላም ሞረድ ይበላዋል

ቢላዋ የሚጠነክረው አግሎ ዘይት ውስጥ በመንከር፣ ማለትም ቶሎ በማቀዝቀዝ ነው። በደንብ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ሞረዱ ከነከሰ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ብረቱ ምን ነበር የሚለው ነው፤ ምክንያቱም የግንባታ ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን በጣም አነስተኛ ስለሆነ ምንም ቢደረግ ለስለት የሚሆን ጥንካሬ አያገኝም። ለጀማሪ የምመርጠው የመኪና ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናው ሥር ክብደቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ የብረት ሳንቃ ነው። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከኮምቦልቻ ስለሚነሳ የጭነት መኪና ጋራዥ አይጠፋም፣ የተጣለ ባሌስትራም እንዲሁ። አብዛኛው ባሌስትራ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው፤ ይህም ለወጥ ቤት ቢላዋ በቂ ነው። ቢሆንም ከእያንዳንዱ ባሌስትራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ፣ አግሎና ነክሮ፣ ሞርሳ (የብረት መያዣ ማሰሪያ) ላይ አስሮ በጨርቅ ከሸፈኑ በኋላ መምታት ይገባል፤ ካልተሰበረና ከተጣጠፈ ለቢላዋ አይሆንም።

ብረቱ ደኅና ሆኖ ካልጠነከረ ችግሩ የሙቀት ማነስ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ባሌስትራ ደግሞ ከዚያ ትንሽ አልፎ፣ ወደ 830 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ስለዚህ ማግኔቱ መሳብ ካቆመ በኋላ ቀለሙ አንድ ደረጃ እስኪፈካ መጠበቅና ወዲያው መንከር ነው። ይህን ሥራ በቀትር ፀሐይ መሥራት ዓይንን ያታልላል፤ ጥላ ውስጥ ወይም ሲመሽ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ዘይቱ ነው። የሚረጋው የምግብ ዘይት በደሴ ብርድ ሲወፍር ሙቀትን ከብረቱ ላይ ቶሎ አይወስድም። አንድ ቁራጭ ብረት አግሎ ዘይቱ ውስጥ በመክተትና በማማሰል ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ ጎጂ ስለሆነ አልመክረውም።

ሲነከር «ቲን» የሚል ድምፅ ተሰማ

ይህን ድምፅ የሰማሁት ሁለተኛውን ቢላዋዬን ውኃ ውስጥ በነከርሁ ጊዜ ነው። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነበርና ስንጥቁን በጥፍሬ እየዳሰስሁ ብዙ ቆየሁ፣ በመጨረሻም ሰብሬ ውስጡን አየሁት። ስብራቱ እንደ ጨው ቅንጣት ያብለጨልጭ ነበር፤ ብረቱ ከሚገባው በላይ መጋሉንና እርሱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ማደጋቸውን የሚናገረው ይህ መልክ ነው። በአግባቡ የጋለ ብረት ስብራቱ እንደ አመድ የደቀቀና ግራጫ ይሆናል። እንግዲህ ጥፋቴ ሁለት ነበር፤ ባሌስትራን ማስገባት የሚገባኝ ዘይት ውስጥ ነበር፣ ብረቱም ብልጭታ እስኪረጭ ድረስ እሳት ውስጥ ሊቆይ አይገባም ነበር።

የተሰነጠቀ ቢላዋ አይጠገንም። ቀጣዩን ለማዳን ግን ቅርፁ ካለቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግሎ በአየር ላይ እንዲቀዘቅዝ መተው ቅንጣቶቹን መልሶ ያደቃል፣ በመዶሻ የተጠራቀመውንም ውጥረት ያረግባል። ቀይነቱ ሊጠፋ የደረሰን ብረት አለመምታትም ግዴታ ነው። ስንጥቁ የቆየና ጠርዙ የዛገ ከሆነ ደግሞ ባሌስትራው መኪናው ሥር ሳለ የተሰነጠቀ ነውና ከሥራ በፊት በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለቱ ሲሳሳ ቢላዋው እንደ ማጭድ ይጎብጣል

በመዶሻ የሳሳ ጎን ይረዝማል፤ ስለቱ ሲረዝም ጀርባው ባለበት ስለሚቆይ ጫፉ ወደ ጀርባው በኩል ይጎብጣል። ልምድ ያላቸው ባለእጆች ስለቱን ማሳሳት ከመጀመራቸው በፊት ብረቱን በተቃራኒው፣ ወደ ስለቱ በኩል፣ ጥቂት ያጎብጡታል፤ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይቃናል። አስቀድሞ ያልተደረገ እንደሆነ ቢላዋውን አግሎ፣ ስለቱን ወደ ታች አድርጎ ጉማጅ እንጨት ላይ በማቆም ጀርባውን በእንጨት መዶሻ መምታት ያቃናዋል።

ከዘይት ሲወጣ ወደ ጎን ተጣሟል

አንዱ ገጽ ከሌላው ይበልጥ ተሞርዷል፣ ወይም ብረቱ በሁለቱም ጎን እኩል አልጋለም፣ ወይም ሲነከር ጋደም ብሎ ገብቷል። ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ መንከር ይረዳል። ከዘይት በወጣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፣ ገና በጣም ትኩስ ሳለ፣ በወፍራም ጓንት ቀስ ብሎ ሊቃና ይችላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚሞክር ሰው ይሰብረዋል።

ስለቱ ይሸረፋል ወይም ይታጠፋል

የተነከረ ቢላዋ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ጥንካሬውን በጥቂቱ የሚያለዝብ ሁለተኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱም 200 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ይሰጠዋል። ተስማሚ ምድጃ የሌለው ሰው ከምግብ ሥራ የወጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ይችላል። ቢላዋውን በአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ አጽድቶ በጀርባው ምጣዱ ላይ ማቆምና ቀለሙን መከታተል ነው፤ መጀመሪያ ፈዛዛ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ የጠጅ መልክ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ኋላም ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይመጣል። ለወጥ ቤት ቢላዋ ስለቱ ላይ የገለባ ቀለም ሲታይ ማንሳት ይበቃል፤ ስለቱ ሰማያዊ እስኪሆን የቆየ ቢላዋ ከመጠን በላይ ለዝቧል።

ከተሳለ በኋላ ስለቱን በነሐስ ዘንግ ላይ ጋደም አድርጎ መጫንና በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ስለቱ ጎበጥ ብሎ ከተመለሰ ሥራው አልቋል፤ ከተሸረፈ ወደ ምጣዱ ተመልሶ አንድ ቀለም ይጨመርለት፤ ታጥፎ ከቀረ ደግሞ እንደገና ይጋል፣ ይነከር፣ ይለዝብ።